አጥሩ ባለቤቱ ነው



ስለ ጥብቅ ስፍራዎች በተወራ ቁጥር ከመድረክ የማይጠፋ አንድ አባባል አለ፤ «ኅብረተሰቡ የበኩሉን ድጋፍ ሊያደርግ ይገባል» የሚል። ስብሰባ ሲከፈት ይባላል፤ ስብሰባ ሲዘጋም ይደገማል። እኔ ዛሬ ማታ የመጣሁት ይህን አባባል ገልብጬ ላቀርብላችሁ ነው። ደን ይሁን የግጦሽ ሜዳ፣ የዱር አራዊት መጠለያ ይሁን የወንዝ መነሻ፣ በአገራችን ለረጅም ዘመን ተጠብቆ የቆየ የሕዝብ መሬት ካለ የጠበቀው አጠገቡ የሚኖረው ሰው ነው። ስለዚህ ደጋፊ ሊሆን የሚገባው መንግሥት ነው፤ ተደጋፊው ደግሞ ሕዝቡ። ይህን ቅደም ተከተል ባዛባን ቁጥር ዘበኛ ቀጥረን፣ ኬላ ሠርተን፣ ሰሌዳ ተክለን፣ መሬቱን ግን አጥተነዋል።

ምስክር አድርጌ የማቆመው አንድ ቦታ ነው፤ የመንዝ ጓሳ።

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ በጣርማ በር በኩል ወደ መሐል ሜዳ ስታቀኑ፣ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዛችሁ በኋላ ጓሳ ላይ ትደርሳላችሁ። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በምሥራቅ በኩል መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆ ተገምሶ ይወርዳል። በዚያ ጫፍ ላይ የጣለ ዝናብ ሁለት ዕጣ አለው፤ ወደ ምሥራቅ የወረደው የአዋሽ፣ ወደ ምዕራብ የፈሰሰው የዓባይ ይሆናል። ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ቀኑ ጭጋግና ነፋስ ይፈራረቁበታል።

ቦታው የሚጠራው እላዩ ላይ በሚበቅለው የጓሳ ሳር ነው። ጓሳ እንደ መስክ ሳር ምንጣፍ ሆኖ አይበቅልም፤ በየእፍኙ እየተሰበሰበ ጉብ ጉብ ብሎ ይቆማል። ቅጠሉ ቀጭን፣ ረጅምና ጠንካራ ነው፤ በእጅ ጎትተው ሊበጥሱት ቢሞክሩ ይቆርጣል። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድነው በእሱ ነው። ገመድ የሚገመደው፣ መጥረጊያ የሚታሰረው ከእሱ ነው። ጌሳ የሚባለው የእረኛ የዝናብ ልብስም የሚሠራው ከዚሁ ሳር ነው። ጌሳ ሲታይ ሰው የለበሰው የሳር ክዳን ይመስላል፤ ሳሩ ከአናት ጀምሮ ወደ ታች ተደራርቦ ይወርዳል፤ ዝናቡም በላዩ እየተንሸራተተ መሬት ይደርሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ከሥሩ የበግ ጠጉር በርኖስ የደረበ እረኛ የመንዝን ክረምት የሚወጣው እንዲያ ነው።

ጓሳ ለመንዝ ገበሬ የክፉ ቀን ስንቁም ነው። በዚያ ከፍታ ገብስ ዋናው እህል ነው፤ ገብሱን ደግሞ ውርጭ ይመታዋል፣ በረዶ ያጭደዋል። እህሉ ሲጠፋ ከብቱ ጓሳ ላይ ይተርፋል፣ ሳሩና ማገዶው ገበያ ወጥቶ የዓመት ጉድለት ይሞላል። እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚሰጥ መሬት፣ ይህን ያህል ሕዝብ የሚፈልገው መሬት፣ እንዴት እስከ ዛሬ ሳይታረስና ሳይራቆት ቆየ? የዛሬው ንግግሬ ሁሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

አረጋውያን እንደሚተርኩት የጓሳ ጥበቃ የተጀመረው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች መሬቱን ተካፍለው ለየዘራቸው አቆዩት። የእነርሱ ተወላጅ የሆነ ሁሉ በአጽመ ርስቱ የመጠቀም መብት ነበረው። የአስተዳደሩ ስም የቄሮ ሥርዓት ይባላል። የአስቦም የጌራም ወገን አፈሮ የሚባል የየራሱ መሪ ነበረው፤ አፈሮውንም ተጠቃሚው ተሰብስቦ፣ ተስማምቶ ይመርጠዋል። ከአፈሮው በታች ያለው አደረጃጀት በየደብሩ ነበር። አንድ ታቦት የሚያከብሩ ሰዎች በአንድ ወገን ሆነው ድርሻቸውን ያውቃሉ፣ ድርሻቸውንም ይጠብቃሉ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ጓሳ ይዘጋል። የሚዘጋው ለአንድ ወቅት ብቻ አይደለም፤ ሳሩ እስኪያድግ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ። በተዘጋበት ጊዜ ማጭድም ከብትም አይገባም። ተጠቃሚው አባወራ ሁሉ የጥበቃ ተራ አለበት፤ ተራው ደርሶ የቀረ ሰው ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። ቅጣቱ እስከ ቤት ማቃጠል ይደርስ እንደነበር ይነገራል። ሳሩ መድረሱን አይቶ የሚወስነው አፈሮው ነው። ከወሰነ በኋላ የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በቀብር ላይ ይታወጃል፤ ሰው ከሚሰበሰብበት ቦታ አንዱም አይታለፍም። በቀኑ መጀመሪያ የሚገባው አጫጁ ነው። ሳሩ ታጭዶ ካለቀ በኋላ ከብት ይገባል። ክረምቱ ሲቃረብ ሁሉም ይወጣል፤ ጓሳም እንደገና ይዘጋል።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ደመወዝተኛ ዘበኛ የለም፤ ካርታም ሰሌዳም የለም። ያለው የታወቀ ወሰን፣ የታወቀ ተጠቃሚ፣ የተመረጠ ዳኛ፣ የተራ ጥበቃና የማይታለፍ ቅጣት ነው። አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ሲሉ ይህንኑ ነበር የሚናገሩት። ጓሳን ያጠረው ባለቤቱ ነበር፤ ባለቤቱም የተከበረ ነበር።

የውጭው ዓለም ሊቃውንት ይህን ነገር የደረሱበት ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ታዋቂ ጽሑፍ አወጣ። የጋራ የሆነ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው፤ እያንዳንዱ እረኛ አንዲት ላም መጨመር ስለሚያዋጣው ሁሉም እየጨመሩ መሬቱን ይጨርሱታል አለ። ከዚህ የተነሣ በብዙ አገሮች መሬቱን ወይ መንግሥት ይያዘው፣ ወይ ለግለሰብ ይከፋፈል የሚለው ሐሳብ ገነነ። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለች ምሁር ግን የስዊዘርላንድን የተራራ ግጦሾች፣ የጃፓንን የመንደር ደኖች፣ የስፔንን የመስኖ ማኅበራት አጠናች። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ሰዎች ተስማምተው ባወጡት ደንብ የጋራ ሀብትን ለብዙ መቶ ዓመታት ሊጠብቁ እንደሚችሉ አሳየች። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤልን የምጣኔ ሀብት ሽልማት ስትቀበል በዘርፉ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ከሃርዲን እረኞች የጎደለው ምን እንደሆነ የመንዝ ሰው ቢጠየቅ ባጭሩ ይመልስ ነበር፤ አፈሮ የላቸውም።

ኦስትሮም ለእንዲህ ያለ ሥርዓት መዝለቅ ያስፈልጋሉ ብላ የዘረዘረቻቸውን ነገሮች ከቄሮ ጋር ብታስተያዩ ወሰኑ፣ ደንቡ፣ ጥበቃው፣ ቅጣቱ አንድ በአንድ ይገጥማሉ። ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱ ግን መንግሥት ሰዎቹ ራሳቸውን የማስተዳደር መብታቸውን ይወቅላቸው የሚል ነው። ጓሳን የጎዳው የዚህ አለመኖር ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ያ አዋጅ ለብዙ ሚሊዮን ጭሰኛ ነፃነት ነበር፤ ይህን የሚክድ ከታሪክ ጋር ይጣላል። ነገር ግን ርስትን በአንድ ቀን ሲሽር በርስት ላይ ቆሞ የነበረውን የቄሮን ሥርዓትም አብሮ ሻረው። አፈሮው ሥልጣን አጣ። ጓሳ በገበሬ ማኅበራት እጅ ገባ። ትናንት መብት ያልነበረው ዛሬ ገባ፤ መግባቱ ፍትሕ ነበር። ችግሩ የሚገባበትን ቀን የሚያውጅለት፣ የሚወጣበትን ቀን የሚያስከብርበት መጥፋቱ ነው። የሁሉም ነው ሲባል የማንም ሆነ፤ ማጭዱ ወቅት ሳይጠብቅ ገባ፣ እርሻውም ሽቅብ መግፋት ጀመረ።

የጓሳን ታሪክ ከሌሎቹ ልዩ የሚያደርገው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። የአካባቢው ሰው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሽማግሌዎቹና የገበሬ ማኅበራቱ ተመካክረው ከየቀበሌው የተውጣጣ የጓሳ ጥበቃ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ አዲስ መተዳደሪያ ደንብም ጻፉ። በዚህ ጊዜ መብቱ በዘር ሐረግ የሚቆጠር መሆኑ ቀረ፤ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ነዋሪ ሁሉ ተካተተ። ይህን ለመረዳት ዕድርን ማሰብ ይበቃል። ዕድርን ከላይ መጥቶ ያቋቋመልን የለም፤ ደንቡን ራሳችን እናወጣለን፣ ዳኛውን ራሳችን እንመርጣለን፣ ከቀብር የቀረውን ራሳችን እንቀጣለን፤ መንግሥት ይለወጣል፣ ዕድር ግን አለ። የጓሳ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ይህ ትርጉም የሚኖረው በዚያው ዘመን በሌሎች ቦታዎች ከሆነው ጋር ሲነጻጸር ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በበርካታ ብሔራዊ ፓርኮቻችን የጥበቃ ኬላዎች ተዘረፉ፣ ዛፍ ተቆረጠ፣ አውሬ ታደነ። በባሌ ተራሮች የደጋ አጋዘን ቁጥር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ክፉኛ አሽቆለቆለ። ለምን? ብዙዎቹ ፓርኮች ሲከለሉ በዙሪያቸው ላለው ሰው የደረሰው ነገር «ከዚህ በኋላ አትግባ» የሚል ትእዛዝ ነበር። በአዋሽ የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሻቸው ፓርክ ሆነባቸው። መንግሥት ሲወድቅ ፓርኩ ለጎረቤቱ የወደቀው መንግሥት ንብረት ሆኖ ታየው። ጓሳም በዚያ ግርግር ጭረት አላጣም፤ ነገር ግን ባለቤቱ እዚያው ስለነበር አልጠፋም።

በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የአማራ ክልል ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠው። በ1967 የተቀደደው ውል የተሰፋው ያን ጊዜ ነው። ዛሬ የሚጠብቁት ከዚያው ከአካባቢው የወጡ ስካውቶች ናቸው፤ የሚያስተዳድረውም ከየቀበሌው የተወከለ ምክር ቤት ነው።

አሁን ደግሞ በጓሳ ሳር ውስጥ የሚኖሩትን እንይ። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ብቻ ነው። አብዛኛው ባሌ ውስጥ ነው፤ ጓሳ ደግሞ ከቀሩት ጥቂት መጠጊያዎቹ አንዱ ነው። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። ጭላዳ ዝንጀሮም በጓሳ በብዛት አለ፤ ተመራማሪዎች አንድን የጭላዳ መንጋ እ.ኤ.አ. ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ እየተከተሉ ሲያጠኑት ኖረዋል። ከዚያ ጥናት የወጣ አንድ ግኝት ልንገራችሁ። ቀይ ቀበሮው በሚግጡት ጭላዳዎች መሃል ቀስ ብሎ ይገባል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ግልገላቸውን አይነካም። የሚፈልገው አይጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት እንደሚለው ቀበሮው በጭላዳዎቹ መሃል ሆኖ ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ።

ይህን የምነግራችሁ ለማስገረም ብቻ አይደለም። አስቦና ጌራ ቀይ ቀበሮን ለማዳን ብለው አልተነሡም፤ የቄሮ ሥርዓት ዓላማው ሳር ነበር። ሳሩ በመቆየቱ አይጡ ኖረ፤ አይጡ በመኖሩ ቀበሮው ኖረ፤ ምንጩም አልነጠፈም። የመንዝ ገበሬ ለቤቱ ክዳንና ለበሬው ድርቆሽ ብሎ ያወጣው ደንብ የዓለምን ብርቅዬ እንስሳ አትርፏል። እኛ ብዙ ጊዜ ገበሬውን «ለብርቅዬው እንስሳ ስትል መሬትህን ተው» እንለዋለን። ጓሳ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ያስተምራል፤ ሰውየው ለራሱ ጥቅም በደንብ የሚጠብቀው መሬት ለእንስሳውም ይበቃል።

ተቃራኒውን ደግሞ በስሜን ተራሮች አይተናል። ስሜን በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በመጀመሪያው የዓለም ቅርስ ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተቆጠረ፤ ከዚያ ዝርዝር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ለመውጣቱ ከተከፈለው ዋጋ አንዱ በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ መዛወር ነበር። ደጋ ላይ ገብስ ሲዘራና በግ ሲያረባ የኖረ ገበሬ ከተማ ዳር ሲሰፍር ኑሮው እንዴት እንደሚለወጥ ለማሰብ ብዙ ምርምር አይጠይቅም። ቦታው ተጎድቶ ስለነበር አንድ ነገር ማድረግ ግድ ነበር። ጥያቄዬ፣ ያ መንደር ከ50 ዓመት በፊት እንደ ጓሳ ባለቤት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ እስከዚያ ይደረስ ነበር ወይ የሚል ነው።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ያው ስሜን በእሳት ሲያያዝ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ከእስራኤል ባለሙያዎች መጡ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። እነርሱ እስኪደርሱ ድረስ ግን ገደል ለገደል እየወጣ በቅጠልና በአፈር እሳቱን ሲደበድብ የነበረው የአካባቢው ሰው ነው። እሳት የሚነሣበትን ሰዓት አስቀድሞ የሚናገር የለም፤ መጀመሪያ የሚደርሰው ሁልጊዜም ጎረቤት ነው።

ጓሳ ብቻውን ነው እንዳትሉኝ። በወላይታ ሁምቦ የተራቆተ 2,728 ሄክታር ተራራ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተይዞ ተከለለ፤ ከመሬት በታች ሕይወት የነበራቸው ጉቶዎች እየተገረዙ እንደገና ደን ሆኑ፤ ማኅበራቱም ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አገኙ። በአዳባና ዶዶላ የደን ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ውል ተፈራርመው ደናቸውን ያዙ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ማኅበረሰብ የደን ባለቤት መሆን እንደሚችል በግልጽ ደንግጓል። ሕጉ አለ፤ ምሳሌውም አለ። የቀረው ልማዳችን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ወደ ቄሮ እንመለስ እያልሁ አይደለም። ያ ሥርዓት የተወላጅ ነበር፤ ተወላጅ ያልሆነውን ያገል ነበር። ቤት ማቃጠልም የሚናፈቅ ፍርድ አይደለም። ማገዶውን የሚሸከሙት፣ ውኃውን የሚቀዱት ሴቶች በውሳኔው ላይ ድምፅ አልነበራቸውም። የዛሬው ሥርዓትም ፈተና አላጣም። ሕዝቡ በዝቷል፤ መሬት የሌለው ወጣት በርክቷል፤ ሰላም ሲደፈርስ ጎብኚ ይቀራል፣ ከጎብኚ የሚገኘው ገቢም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ጥበቃን በቱሪስት ገንዘብ ብቻ ላይ ማቆም አያዛልቅም። ጓሳን አራት መቶ ዓመት ያቆየው ቱሪስት አልነበረም፤ ሳሩ ነበር። የጥበቃው ጥቅም ሰው በየዓመቱ በእጁ የሚጨብጠው መሆን አለበት።

እንግዲህ ውሳኔ በእጃችሁ ያለ፣ በመሥሪያ ቤትም በምክር ቤትም በዩኒቨርሲቲም የምትገኙ ሁሉ፣ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ አዲስ ስፍራ ስትከልሉ ከካርታው በፊት ሽማግሌውን ጠይቁ፤ ያ መሬት ሰው አያውቀውም ብላችሁ የገመታችሁት ሊሆን ይችላል፣ የቆየ ደንብ ግን ይኖረዋል። ሁለተኛ፣ ለኮሚቴው ኃላፊነት ብቻ አትስጡት፤ የመወሰንና የመቅጣት ሥልጣንም ስጡት፤ ያወጣውን ደንብ ፖሊስና ፍርድ ቤት ያስከብሩለት። መቅጣት የማይችል ጠባቂ የሚፈራ የለም። ሦስተኛ፣ በኮሚቴው ውስጥ ሴቶችና መሬት የለሽ ወጣቶች በቁጥር ለማሟላት ሳይሆን በድምፅ ይቀመጡ፤ ነገ ማጭድም መጥረቢያም የሚይዘው ወጣቱ ነውና።

እናንተም በሌላ ሥራ ላይ ያላችሁ ወገኖች፣ በየሰፈራችሁ፣ በየትውልድ ቀያችሁ የጋራ የሆነ ደን፣ ምንጭ ወይም ሜዳ አይጠፋም። ስትሄዱ ማን እንደሚጠብቀው ጠይቁ። ጠባቂ ካለው አግዙት፤ ደንቡ እንዲጻፍለት፣ መብቱ በሕግ እንዲታወቅለት ዕውቀታችሁንና ጉልበታችሁን ስጡት። ጠባቂ ከሌለው ደግሞ የሚመለከተው አካል እስኪመጣ አትጠብቁ። የሚመለከተው አካል እናንተ ናችሁ።